ገደሉን ሳይጎዱ ስለ መውጣት፤ ወደ ገርዓልታ ዓለቶች ለሚሰማሩ የተጻፈ መመሪያ

በትግራይ ምድር በሐውዜን ሜዳ ዳርቻ ተሰልፈው የቆሙት የገርዓልታ ቀያይ ዓለቶች፣ በላያቸውና በጎናቸው ያለውን ሁሉ፣ ፍልፍሉን ቤተ መቅደስና የግድግዳውን ሥዕል፣ የንስሩን ጎጆና ከስንጥቁ የበቀለውን ጽድ፣ ለብዙ ዘመን ጠብቀው ያቆዩት በአጥር ወይም በዘበኛ ኃይል ሳይሆን፣ የፍየል ጥርስና የእንጨት ቆራጭ መጥረቢያ በቀላሉ የማይደርስባቸው በመሆናቸው ነው። ጥበቡን ተምሮና በገመድ ታግዞ ወደዚህ ከፍታ የሚወጣ ሰው ግን ይህን ተፈጥሮ የሠራችውን ቅጥር አልፎ የሚገባ ስለ ሆነ፣ እርሱ በማለፉ የጎደለውን ጥበቃ በራሱ ሥርዓትና በራሱ ጥንቃቄ መተካት ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚነበበው ምክር ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

አስቀድሜ ላሳስብ የምወደው፣ ይህ ጽሑፍ የገመድ አያያዝንና የቋጠሮ ዓይነትን ለማስተማር የተዘጋጀ አለመሆኑን ነው። ያ ትምህርት ከጽሑፍ ተነቦ የሚገኝ ሳይሆን፣ በሥራው የተፈተነ መምህር አጠገብ ቆሞ፣ በዝቅተኛና በጽኑ ዓለት ላይ ደጋግሞ በመሞከር በእጅ የሚለመድ ነው። የገርዓልታ ዓለት ለስላሳና በየስፍራው ጥንካሬው የሚለያይ ስለ ሆነ የጀማሪ መማሪያ ሊሆን አይገባም፤ ጀማሪው ራሱን ከአደጋ ላይ ከመጣሉም በላይ፣ የሚረግጠውንና የሚጨብጠውን መምረጥ ገና ስላልለመደ፣ ልምድ ያለው ሰው ሳይነካው የሚያልፈውን ሁሉ እየሰበረ ይወጣል።

የመጀመሪያው ሥራ ከቤት ሳይወጡ የሚጀመር ነው፤ እርሱም ሊወጡበት ያሰቡት ዓለት የማን እንደ ሆነ መመርመር ነው። በአገራችን ባለቤት የሌለው ገደል የለም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ከሥሩ የሚያርስ ገበሬ፣ ከጎኑ ማር የሚቆርጥ ንብ አርቢ፣ በዋሻው የሚጸልይ መናኝ አለውና። ስለዚህ ወደ ስፍራው እንደ ደረሱ በቅድሚያ የወረዳውን አስተዳደርና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን፣ ቀጥሎም የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የደብሩን አለቃ ወይም የገዳሙን አበምኔት ቀርበው ይጠይቁ። የአገሬው ቋንቋ ትግርኛ ስለ ሆነ፣ ቋንቋውን የማይችሉ እንደ ሆነ አስተርጓሚ ይዘው ይሂዱ፤ ከዚያው መንደር ተወላጅ መንገድ መሪ ቢቀጥሩማ አስተርጓሚም ምስክርም ይሆንልዎታል። ጥያቄዎም «እዚህ መውጣት ይቻላል ወይ?» በሚል ብቻ የሚያበቃ አይሁን፤ «የማይነካው ዓለት የትኛው ነው? መቃብር ያለበት ዋሻ ወዴት ነው? በዚህ ጎን የሚኖሩ ባሕታዊ አሉን?» ብለው ይጨምሩ። እንግዳ ሰው ለተድላ ሲንጠላጠል የሚያየው ገበሬ ምን እንደሚያስብ አስቀድሞ መጠየቅ ከአክብሮትም የሚቆጠር ነው፤ ገመድዎን ከላይ ያየ እረኛ ምንነቱን ሳያውቅ ቢፈታው ተጠያቂው እርሱ አይሆንምና።

ቤተ ክርስቲያን ያለበት ዓለት ለስፖርት የሚመረጥ ዓለት አይደለም። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ ይምዓታ ስም የሚጠራውና በጉሕ ዓለት ከፍታ ላይ የተፈለፈለው መቅደስ፣ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ በእጅና በእግር መያዣዎች እየታገዙ የሚደርሱበት የጸሎት ስፍራ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚወጣ ሰው በተለመደው መንገድ፣ በካህናቱ ፈቃድ፣ እንደ ተሳላሚ ይውጣ እንጂ፣ በዚያው ዓለት በሌላው ወገን አዲስ መንገድ ልክፈት አይበል። እንዲሁም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ የተመሠረተው የደብረ ዳሞ ገዳም፣ ከላይ በተለቀቀ ጠፍር እየተሳቡ 15 ሜትር ያህል የሚወጣበት አምባ ሲሆን፣ ወንዶች ብቻ እንዲወጡበት የተሠራው ሥርዓት ዛሬም የጸና ስለ ሆነ፣ የመወጣጫውም ገመድ የመነኮሳቱ መገልገያ እንጂ የእንግዳ መፈተኛ ባለመሆኑ፣ ገዳሙ ከፈቀደው ውጭ አንዲት ስንዝር መጨመር አይገባም። እንዲህ ያለውን ክብር የሚጠይቀው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በዋዮሚንግ ግዛት የላኮታና የሌሎችም ነባር ሕዝቦች ቅዱስ ስፍራ በሆነው በዴቪልስ ታወር ዓለት ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ፣ ሥርዓተ አምልኮ በሚበዛበት በሰኔ ወር ውስጥ ዓለት ወጪዎች በፈቃዳቸው እንዲታቀቡ ይለመናሉ፤ በአውስትራሊያም አናንጉ የተባሉት ባለርስቶች ለብዙ ዓመታት ሲማጸኑ ከቆዩ በኋላ፣ ወደ ኡሉሩ ዓለት መውጣት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 2019 ፈጽሞ ተከልክሏል። ክልከላ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በልመናው መታቀብ የበለጠ ክብር ያለው ይመስለኛል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የሚከተለው የዓለቱን ባሕርይ ማወቅ ነው። ከፍተኛውና የማይጠገነው ጥፋት ከዚህ የሚመጣ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ጥቂት ረዘም አድርጌ ለመናገር እገደዳለሁ። የሥነ ምድር ሊቃውንት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ብለው የሚጠሩት ይህ ዓለት፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ውኃ ያመጣው አሸዋ በየድርቡ ተነጥፎና ተጭኖ፣ በመካከሉ በገባው ማዕድን ተያይዞ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት በራሱ ጽኑ ቢሆንም፣ ቅንጣቱን ከቅንጣት የሚያጣብቀው ማያያዣ ግን ስስ ነው፤ ውኃ በገባበት ጊዜም ይህ ማያያዣ ይላላና፣ በደረቅነቱ የአንድን ሰው ሙሉ ክብደት ይሸከም የነበረው ጉጥ እንደ ራሰ ስኳር ተቆርሶ ይወድቃል። የተቆረሰው ጉጥ ደግሞ በእኛም ሆነ በልጅ ልጆቻችን ዘመን ተመልሶ አይበቅልም። በጉሕ መወጣጫ ላይ የሚታዩት፣ የስንት ትውልድ ተሳላሚ ጣትና ተረከዝ ያሰረጎዳቸው ጉድጓዶች፣ የምእመናኑን ጽናት የሚመሰክሩትን ያህል የድንጋዩንም ገርነት ይመሰክራሉ።

ስለዚህ በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ በዚህ ዓለት ላይ መውጣትን ጨርሶ ይተዉት። በበጋም ያልታሰበ ዝናም የጣለ እንደ ሆነ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መታገሥ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ በማይመታውና ከላይ ውኃ በሚንጠባጠብበት ወገን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የዓለቱ ላይ ደርቆ ነጣ ማለቱ አያታልልዎ፤ ውስጡ ብዙ ዘግይቶ ይደርቃልና። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከዓለቱ ሥር ያለውን አሸዋ በእጅዎ ጫር አድርገው ጥቂት ዝቅ ሲሉ ርጥበት ካገኙ፣ ዓለቱም በውስጡ ርጥበት አለው ማለት ስለ ሆነ በዚያ ቀን ገመድዎን ሳይፈቱ ይመለሱ። በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ አጠገብ፣ በኤልቤ ወንዝ ዳርና ዳር የቆሙት የሳክሶኒያ የአሸዋ ዓለቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በታተመው የሩዶልፍ ፌርማን መመሪያ ላይ በተጻፈ ሥርዓት የሚተዳደሩ ሲሆን፣ እርጥብ ዓለት መውጣት እስከ ዛሬ በዚያ የተከለከለ ነው፤ ሕጉንም የጠበቁት ከማንም ይልቅ ዓለት ወጪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ገርዓልታም ሕግ እስኪወጣለት ድረስ ከዚህ ያነሰ ሥርዓት አይገባውም።

ቀጥሎ የገደሉን ነዋሪዎች መቁጠር ይገባል፤ ለዚህም አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከገመድ ባላነሰ አስፈላጊ ነው። ዓለቱን ከሩቅ ሆነው ከታች እስከ ላይ በዝግታ ይመልከቱ። ከእርከኑ ሥር ወደ ታች የተንዠረገገ ነጭ የኩስ መስመር፣ የተከመረ ጭራሮ፣ አንድን ስንጥቅ እየደጋገመ የሚጎበኝ ትልቅ አሞራ ካዩ፣ ያ ጎጆ ነው። ከሽኮኮ ኑሮውን የሚመሠርተው ጥቁሩ ንስር፣ አጥንት ተሸክሞ ወጥቶ ከዓለት ላይ እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ፣ በብዙ ሆነው በአንድ ገደል የሚሰፍሩት ጥንብ አንሣዎች ሁሉ የሚራቡት ሰው በማይደርስበት ገደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችንን በጎበኘው በጀርመናዊው ተመራማሪ በሩፔል ስም የተሰየመው ጥንብ አንሣ፣ በመላው አፍሪካ ቁጥሩ እጅግ ከመመናመኑ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት አዕዋፍ ጋር ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ እውነተኛ የጥቅም ግጭት አለ፤ ሳልሸፍን እናገረዋለሁ። ለመውጣት የሚመቸው ደረቁ በጋ፣ ከእነዚህ ታላላቅ አሞሮች አብዛኞቹ እንቁላል የሚጥሉበትና ጫጩት የሚያሳድጉበት ወቅት ነው። ጢማሙ አሞራ እንቁላሉን ሁለት ወር ያህል ታቅፎ፣ ጫጩቱን በጎጆ ውስጥ አራት ወር ያህል ቀልቦ፣ በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ያሳድጋል። እናቲቱ ከሰው ሸሽታ ከጎጆዋ ብትነሣ፣ እንቁላሉን የሌሊቱ ብርድና የቀኑ ሐሩር ይጎዱታል፤ ቁራም ይደርስበታል፤ በዚህም የአንድ ዓመት ዘር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ጎጆ ያለበትን የዓለት ገጽታ በሙሉ፣ ከጎጆው በላይም በታችም፣ ልጁ በርሮ እስኪወጣ ድረስ ይተዉት፤ ሌላ ገጽታ ይምረጡ፤ ሌላም ከሌለ ያን ዓመት ይለፉት። ሳያውቁ ከወጡ በኋላ ወፏ ከጎጆ ተነሥታ በላይዎ እየዞረች ብትጮህ፣ እጅግ ቀርበዋል ማለት ነውና፣ ጫፍ ለመድረስ ጥቂት የቀረዎ ቢሆን እንኳ ወዲያው ይውረዱ። በስሜን ገደሎች የሚያድሩት ጭላዶችም ማታ ሲገቡና ጧት ሲነሡ በእርከናቸው ላይ ሰው መኖር የለበትም፤ እዚያ ግን ብሔራዊ ፓርክ ስለ ሆነ ያለ ፓርኩ ፈቃድና ያለ ስካውት አንድ እርምጃ መሄድም አይፈቀድም።

ስለ ንብ የሚነገረው ለንቦቹ ብቻ ሳይሆን ለሰውየውም ነፍስ ነው። በዓለት ስንጥቅ ውስጥ የሚሰፍር የንብ መንጋ በገመድ ላይ የተንጠለጠለውን፣ መሮጥ የማይችለውን ሰው ያገኘው እንደ ሆነ አደጋው ከመውደቅ አይተናነስም። የንቦቹን መግቢያ የሚያውቀው የመንደሩ ማር ቆራጭ ነውና እርሱን ሳይጠይቁ አይውጡ፤ የተገኘውንም መንጋ በጭስ ለማባረር ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ከነመግቢያው ርቀው ይለፉ።

ወደ ዓለቱ ሥር የሚወስደውን መንገድ በሚመለከት፣ ነባሩን የእረኛ ዱካ ይከተሉ፤ አቋራጭ አይፍጠሩ። በትግራይ ተራሮች ላይ ገበሬው በብዙ ድካም የካበው የድንጋይ እርከንና፣ ደን እንዲያገግምበት ከከብት ንክኪ የተከለለው ተዳፋት፣ ለእግረኛ መሻገሪያ የተሠሩ አይደሉም። ከእርከኑ ላይ የወደቀች አንዲት ድንጋይ በሚቀጥለው ዝናም ለጎርፍ በር ትከፍታለች፤ ያፈረሱትን ድንጋይ መልሰው ሳይክቡ አይለፉ።

አሁን ወደ ማሰሪያው ነገር እንምጣ፤ በዚህም የሌሎች አገሮች ታሪክ የሚያስተምረን ብዙ ነው። በአሜሪካ በዮሰሚቲ ሸለቆ የነበሩ ዓለት ወጪዎች ለብዙ ዓመታት የብረት ችንካር እየመቱና እየነቀሉ ሲወጡ፣ ጽኑውን ድንጋይ ሳይቀር በየስንጥቁ አቆሰሉት። ችንካሩን ይሠራና ይሸጥ የነበረው ኢቮን ሹዊናርድ ከባልንጀራው ከቶም ፍሮስት ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው የዕቃ ዝርዝር ላይ ችንካርን ትቶ ያለ መዶሻ በእጅ ከስንጥቅ ውስጥ የሚገባና ዱካ ሳይተው የሚወጣ መያዣ እንዲለመድ ለገዢዎቹ አሳሰበ፤ ትርፍ ያስገኝለት የነበረውን ዕቃ በገዛ እጁ መተዉ እጅግ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ይህ የብረት መያዣ እንኳ ለስላሳውን የአሸዋ ድንጋይ ሲወድቁበት ይፈልጠዋልና፣ በሳክሶኒያ በብረት ፈንታ የተቋጠረ ገመድ በስንጥቁ እየሸጎጡ ይወጣሉ። ይህ የገመድ ቋጠሮ ዘዴ ብዙ ልምምድ የሚጠይቅና ለማያውቀው እጅግ አደገኛ ስለ ሆነ፣ ከአዋቂ ሳይማሩ ይሞክሩት አልልም፤ ነገር ግን ገርዓልታን የሚወድ ሰው ሊማረው የሚገባ ጥበብ ነው።

ዓለቱን በመሰርሰሪያ በስቶ ቋሚ ቦልት መቸንከር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ያውም የአካባቢው ሕዝብ፣ ቤተ ክርስቲያኗና መንግሥት ፈቅደው፣ ልምድ ያለው ባለሙያ በሚሠራው ብቻ። በለስላሳ ድንጋይ ላይ በመስፋት የሚይዘው አጭር ቦልት ድንጋዩን ይሰነጥቃል፤ ጊዜ ሲያልፍም ይላላል። የሚታመነው በማጣበቂያ የሚተከለው ረዥሙ ነው፤ አንድ ጊዜ በትክክል የተተከለ ደግሞ አሥር ጊዜ ከሚነቀልና ከሚተካ ይሻላል።

ገመድን በዛፍ ላይ ማሰር የሚቀል ይመስላል፤ ዛፉን ግን አስቀድመው ያስተውሉት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በናያጋራ ገደሎች ላይ ያገኟቸው፣ ቁመታቸው አጭር ግንዳቸውም ቀጭን የሆኑ የጽድ ወገን ዛፎች፣ ዓመታቸው ሲቆጠር ከመካከላቸው ከ1000 በላይ የሆናቸው ተገኝተዋል። በገደል ላይ አፈርና ውኃ ስለሚያንስ ዛፉ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ የክንድ ውፍረት ያለው የገርዓልታ ጽድ ወይም ወይራም ካሰብነው በላይ አዛውንት ሊሆን ይችላልና፣ በቀጭን ገመድ ልጡን አይላጡት። ጽኑና ትልቅ ዛፍ ካልሆነ አይሰሩበት፤ ካሰሩበትም ሰፊ ጠፍር ከግንዱ ሥር አድርገው፣ በመካከሉ ወፍራም ጨርቅ ያስገቡ። በአሸዋ ድንጋይ ጠርዝ ላይ የሚሳብ ገመድ ራሱ እንደ መጋዝ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ስለዚህ ገመዱ የሚያልፍበት የብረት ቀለበት ከጠርዙ በታች ተንጠልጥሎ እንዲቆም ማሰሪያውን ያርዝሙ፤ ገመዱ ድንጋይ ሳይነካ ይመላለሳል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

በሚወጡበት ጊዜ ሊይዙት ያሰቡትን ጉጥ በመዳፍዎ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን አይመኑት፤ ከመሳብ ይልቅ ወደ ታች መጫን ይልመዱ። የተንጠለጠለ ድንጋይ ካገኙ ለማጽዳት ብለው አይጣሉት፤ ከታች እረኛ፣ ከብት፣ ወይም የእርስዎ ገመድ ጠባቂ ሊኖር ይችላል። ሁሉም ሰው፣ ከታች የቆመውም ጭምር፣ የራስ ቁር ይልበስ። ለእጅ ማድረቂያ የሚሆነው ነጭ ዱቄት በሳክሶኒያ የተከለከለ ነው፤ በቀዩ የገርዓልታ ዓለት ላይም ነጭ ነቁጡ ከሩቅ የሚታይ ስለ ሆነ አለመያዙን እመክራለሁ። ለመጨበጥ እንዲመች ብለው የድንጋይ ሽበቱን በብረት ብሩሽ አይፋቁ፤ በጣም በዝግታ የሚያድግ ሕይወት ነውና። ዋሻ ቢያገኙ፣ አጥንት ወይም የሸክላ ስባሪ ወይም በግድግዳው ላይ ቀለም ካዩ፣ ሳይገቡና ሳይነኩ፣ በብልጭታም ፎቶግራፍ ሳያነሡ ይመለሱና ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤትና ለካህናቱ ያስታውቁ።

ስለ ቆሻሻ የሚባለው አጭር ነው። ይዘው የገቡትን ሁሉ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር፣ ይዘው ይውጡ። ለመጸዳዳት ከዓለቱ ሥር፣ ከመንገድ፣ ከመሳለሚያ ስፍራና ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ይድፈኑት፤ ወረቀቱን ግን በከረጢት ይዘው ይመለሱ፣ በደረቅ አገር ቶሎ አይበሰብስምና።

ሲወርዱ ማንኛውንም የጨርቅ ጠፍር በዓለቱ ላይ ትተው አይሂዱ፤ ፀሐይ ያደከመው ጠፍር ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው አታሎ ይገድላል። ከተቻለ በእግር የሚወረድበትን የጀርባ መንገድ ይምረጡ፤ በገመድ መውረድ ግድ ከሆነ ገመዱን ሲስቡ የሚያልፍበትን ጠርዝ አስቀድመው ያዘጋጁ። ከወረዱ በኋላ ወደ ፈቀዱልዎ ሽማግሌዎችና ካህናት ተመልሰው ያዩትን ይንገሩ፤ የተሰነጠቀ ዓለት፣ ናዳ ያሰጋው መንገድ፣ ጎጆ ያለበት እርከን የት እንደ ሆነ ማወቅ ከማንም ይልቅ ለእነርሱ ይጠቅማልና። ወደ ከተማ ሲመለሱ ስለ ጉዞዎ ይጻፉ፣ ፎቶግራፍም ያሳዩ፤ ነገር ግን የጎጆውን፣ የመቃብር ዋሻውንና የባሕታዊውን በአት ቦታ አይግለጹ፤ ሌላ ዓለት ወጪ በግል ቢጠይቅዎ መጀመሪያ የዚያን መንደር አለቃ ወይም ሽማግሌ ስም ይስጡት፣ መንገዱን ከእነርሱ እንዲጠይቅ።